ኒስ እንደር ወይስ ካን? ለ10ኛ ዓመታችን ምክር ፈልጌ ነው

ባለሻንጣዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 10 ዓመት ሊሞላን ነው። ጫጉላ የሚባል ነገር አላየንም። በሠርጋችን ማግስት እሱ ሥራ ገባ፣ እኔ የተዋስነውን ድስት ሳጥብ ዋልኩ። አሁን ልጆቹን እናቴ ጋ ትተን ለስድስት ቀን ደቡብ ፈረንሳይ ልንሄድ ቆርጠናል። ያንን ሰማያዊ ባሕር፣ ዘንባባውን፣ ነጫጮቹን ሆቴሎች በፊልም እያየሁ ነው ያደግኩት።

ካን እንደር ወይስ ኒስ? መቼ ብንሄድ ይሻላል? እኔ ሜይን አስቤ ነበር፤ የካንን የፊልም ፌስቲቫልም በዚያው አይተን እንመለሳለን ብዬ። ደግሞስ እንደኛ መካከለኛ ኪስ ያለው ሰው እዚያ ይስተናገዳል ወይስ ከበር ይመለሳል? ባለቤቴ «የሰው ጀልባ ቆጥረን ልንመለስ ነው» እያለ ያሾፍብኛል። እስቲ መልስ ስጡልኝ።

ቆጣቢው

በሜይ ካን? ብሩን በቀጥታ ለእኔ ላኪልኝ፣ ቢያንስ አመሰግንሻለሁ።

ጠጠር_ላይ_የተኛ

ቆጣቢው በአንድ መስመር ጨረሰው። እኔ ላርዝመው። ኒስ ስኖር ስምንት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ሦስት አራት እንግዳ ይመጣብኛል፣ ሁሉም ይህንኑ ነው የሚጠይቀኝ።

መጀመሪያ ስለ ፌስቲቫሉ። ከ1946 ጀምሮ ያለ ትልቅ ነገር ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ግን የሕዝብ በዓል አይደለም። የሙያው ሰዎች መገናኛና መገበያያ ነው። አዳራሽ የሚገባው ባጅ ያንጠለጠለ ወይም ግብዣ የደረሰው ሰው ነው። በማታዎቹ ትልልቅ ምርቃቶች ወንዱ የማታ ሱፍ ከነፓፒዮኑ ወይም ከነጥቁር ክራቫቱ ካላደረገ እዚያች ባለ 24 ደረጃ ቀይ ምንጣፍ ላይ አይወጣም። ሌላው ሰው ከብረት አጥር ጀርባ ይቆማል። መሰላል ይዞ መጥቶ አጥሩ ላይ በሰንሰለት የሚያስር አለ! ለምን? የአንድ ተዋናይ ጀርባ ለማየት። ማታ ማታ ማሴ የሚባለው ባሕር ዳርቻ ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነ የፊልም ዝግጅት አለ፤ እሱ ደስ ይላል። ለእሱ ብሎ ግን የዚያን ሰሞን የሆቴል ዋጋ መክፈል ዕብደት ነው።

ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። ካን የፊልም ከተማ ብቻ አይደለችም፤ የስብሰባ ከተማ ናት። ያው የፌስቲቫሉ አዳራሽ በማርች የሕንፃ ነጋዴዎችን፣ በጁን የማስታወቂያ ሰዎችን፣ በሴፕቴምበር የጀልባ ሻጮችን ይሰበስባል። በእነዚህ ሳምንታት አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም አይቀመስም። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥሽ በፊት የአዳራሹን የዓመት መርሐ ግብር እዪ። የአየር ትኬት ከመፈለግ ይቀድማል።

የት እንደር ላልሽው፣ ኒስ። ኒስ ትልቅ ከተማ ናት፣ ሆቴሉ ከርካሽ እስከ ውድ አለ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሁለተኛው የትራም መስመር መሐል ከተማ አልፎ እስከ ወደቡ ያደርሳል፤ ታክሲ አያስፈልግሽም። ካን በባቡር ግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ነው። ሞናኮ በሌላው አቅጣጫ 25 ደቂቃ ገደማ። ወደ ካን ስትሄዱ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ ወደ ሞናኮ ስትሄዱ በቀኝ። ባሕሩ በዚያ በኩል ነው። መኪና አትከራዩ። ማቆሚያ ፍለጋ ትዳራችሁን ይፈታተነዋል።

መቼ? ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ። ባሕሩ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ ገና 23 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሜይ ግን 17 ወይም 18 ነው፤ ፎቶው ያምራል፣ ውስጡ ስትገቢ ትጮኺያለሽ። በኦገስት ደግሞ ፎጣ የምታነጥፊበት ቦታ የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የኒስ ባሕር ዳርቻ አሸዋ የለውም። ጠጠር ነው። ድንች ድንች የሚያክል ክብ ጠጠር። ስሜን አይተሽ የለ? የውሃ ጫማ ግዢ።

የካኗ_እትዬ

ልጆች፣ እንግዳዋን ከካን ልታስቀሯት ነው? እኔ ካን ሆቴል ውስጥ 19 ዓመት አልጋ አንጥፌአለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጡረታዬን አሁንም በሰላም እበላበታለሁ። ስለዚህች ከተማ እኔም ልናገር።

የካን ታሪክ የሚጀምረው በበሽታ ነው። በ1834 ሎርድ ብሩም የሚባል የእንግሊዝ ባለሥልጣን ወደ ጣሊያን ሲሄድ ኮሌራ ገብቶ ድንበሩ ተዘጋበት። ያኔ ኒስ የፈረንሳይ አልነበረችም፤ የሰርዲኒያ መንግሥት ነበረች። ሰውየው መንገድ ሲያጣ አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ገብቶ አደረ። ወደዳት። መሬት ገዛ፣ ቤት ሠራ፣ ወዳጆቹን ጠራ። እስኪሞት ድረስ ክረምት ክረምት (የአውሮፓን የብርድ ወራት ማለቴ ነው) ይመላለስ ነበር፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ይኸው በተዘጋ መንገድ ምክንያት ነው ይህ ሁሉ ሆቴል የበቀለው።

ባለሻንጣዋ፣ «ከበር ይመለሳል ወይ» ያልሽው ሆዴን በላው። አይመለስም። ላ ክርዋዜት ማለት የባሕር ዳር መንገድ ነው፤ የማንም አባት ርስት አይደለም። ዘንባባው ነጻ፣ ወንበሩ ነጻ። በአዳራሹ አጠገብ ማሴ፣ በሌላኛው ጫፍ ዛመንሆፍ የሚባሉ የሕዝብ ባሕር ዳርቻዎች አሉ። አሸዋ ናቸው፣ ጠጠር አይደሉም (አንተ ጠጠር፣ ስማ)። መሐል መሐሉን የሆቴሎቹ ዣንጥላ ይዞታል። እዚያ ለመተኛት ይከፈላል፤ በውሃው ጠርዝ መሄድ ግን ማንም አይከለክልሽም። ከ1986 ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ይላል። እኔ ሥራ ስጨርስ ዩኒፎርሜን በፌስታል አንጠልጥዬ በዚያው በባለ ሀብቶቹ እግር ሥር ነበር የምሄደው።

ትልልቆቹ ሆቴሎች ውስጥም ገብቶ ቡና መጠጣት ይቻላል። ንጹሕ ልብስ ይበቃል። ቡናው ሌላ ቦታ ምሳ ያበላል፤ ግን ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለሽ ሰው ስታዪ የሚያስነሣሽ የለም። እኛ ሠራተኞቹ ማን ሀብታም እንደሆነ በልብስ አንለይም ነበር። ሀብታሙ ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው የሚዞረው። ወርቅ የደረደረው እንደ አንቺ ሊያይ የመጣ ነው።

ስለዚህ ኒስ እደሩ፣ እሺ። አንዷን ሌሊት ግን ካን አድርጓት። ቀን በባቡር የመጣው ሁሉ በ12 ሰዓት ይመለሳል። ያኔ ሱኬ ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ኮረብታው ላይ ውጡ። ከዚያ ወደብዋ በመዳፍ ትያዛለች።

ምን_አለፋህ

እኔ ደግሞ የተደሰታችሁትን ላናድድ። ውሃ ውሃ ነው። ያው ሜዲትራኒያን ስፔንም አለ፣ አልባኒያም አለ፣ በግማሽ ዋጋ።

ቂም ስላለኝ ነው፣ አልዋሽም። የዛሬ ሦስት ዓመት ኒስ ቤት ተከራየሁ። ባለቤት ነኝ ያለው ሰው «በድረ ገጹ ከምትከፍል በቀጥታ በባንክ ላክልኝ፣ ቅናሽ አደርግልሃለሁ» አለኝ። ላክሁ። ደረስሁ። ቁጥር 14 ብሎኛል፤ መንገዱ 12 ላይ አለቀ። ሻንጣዬን ይዤ የሌለ በር ስፈልግ አመሸሁ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ማንኛውንም የሌለ ነገር «ቁጥር 14» ነው የምትለው።

ቆጣቢው

ይቅርታ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ግን ይህ የባሕሩ ጥፋት ነው?

ምን_አለፋህ

አይደለም። የስስቴ ነው። ባለሻንጣዋ፣ ከድረ ገጹ ውጪ አትክፈይ። ሌላ ምክር የለኝም።

ወረቀት_አዋቂ

ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ቪዛ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የያዛችሁት፣ የሼንገን ቪዛ (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ያስፈልጋችኋል። ብዙ ሌሊት የምታድሩት ፈረንሳይ ስለሆነ የምታመለክቱትም ለፈረንሳይ ነው። ከጁን 2024 ጀምሮ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ግዴታ ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው።

ዋናው ጉዳይ ጊዜው ነው። ለሌላው ሰው በተለምዶ 15 ቀን የሚባለው፣ የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን ሆኗል። በዚያው ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ስለዚህ ለሴፕቴምበር ጉዞ በጁላይ መሯሯጥ የለም። ከዚያ በፊት ጀምሩ።

በገንዘብ በኩል ፈረንሳይ የታወቀ ልክ አላት። የሆቴል ማረጋገጫ ካላችሁ በሰው በቀን 65 ዩሮ፣ ከሌላችሁ 120። ሒሳባችሁ ውስጥ ትናንት የገባ ትልቅ ብር አይታመንም፤ ቀስ እያለ የተጠራቀመ ይሁን። ሞናኮ ሌላ አገር ናት፣ ግን ከፈረንሳይ በባቡር ስትገቡ የድንበር ቁጥጥር የለም። ገንዘቡም ዩሮ ነው።

ባለሻንጣዋ

ወይ ጉድ፣ ምነው ቀድሜ በጠየቅኋችሁ። እትዬ፣ ያ ፌስታል ያሉት ከልቤ አልወጣ አለኝ። እግዜር ዕድሜ ይስጥልን።

እሺ፣ ሜይ ተሰረዘ። ሴፕቴምበር ሦስተኛ ሳምንት። አራት ሌሊት ኒስ፣ አንድ ሌሊት ካን። ቀሪ ጥያቄ አለኝ። ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ቅቤና ክሬም አገር ገብቶ ምን ይበላል? ደግሞ «ሞናኮ ያለውን የሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ካላየሁ ሄድኩ አልልም» እያለ ነው። እኔ በበኩሌ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ አልዞርም። በስድስት ቀን ምን ይታያል?

ጠጠር_ላይ_የተኛ

ለጾሙ መልስ አለኝ፣ እንዲያውም ደስ የሚል። ኒስ ውስጥ ሶካ የሚባል ምግብ አለ። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው። በቃ። በትልቅ ክብ ምጣድ ላይ አፍስሰው በእንጨት እሳት ምድጃ ውስጥ ይጋግሩታል፣ ጠርዙ እርር እስኪል። ቁንዶ በርበሬ ነስንሰው በወረቀት ይሰጡሻል። መጀመሪያ ቀን ስቀምሰው «ሽሮ ቂጣ ሆነች እንዴ?» ነው ያልኩት። ትኩሱን ብቻ ብሉ፣ ከቀዘቀዘ ካርቶን ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ ሰልፍ የበዛበትን ምረጪ።

ምግብ ቤት ስትገቡ ምሳ ላይ «ፕላ ዱ ዡር» የሚለውን፣ ማለትም የቀኑን ምግብ እዘዙ። ያው ወጥ ቤት ማታ የሚያስከፍለው ሌላ ነው። ውሃ በጠርሙስ አትግዙ፤ «ካራፍ ዶ» በሉ፣ የቧንቧውን በነጻ ያመጣሉ። የትም ስትገቢ ግን መጀመሪያ «ቦንዡር»። ሳትዪ ጥያቄ ከጀመርሽ ፊታቸው ይዘጋል። ትዕቢት እየመሰላችሁ የምትቀየሙት አብዛኛው የጎደለች ቦንዡር ናት።

አሁን ኒስ። ጠዋት ተነሥታችሁ ፕሮምናድ ዴ ዛንግሌ ላይ ሂዱ። «የእንግሊዞች መሄጃ» ማለት ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁሉንም አትሞክሩ። በ1820ዎቹ ነው የተጀመረው። ያን ጊዜ ክፉ ብርድ ወርዶ፣ ሥራ የጠፋበት ድሃ በዝቶ ነበር። እዚያ ይከርሙ የነበሩ እንግሊዞች ገንዘብ አዋጥተው ለእነዚያ ሰዎች የባሕር ዳር መንገድ የማንጠፍ ሥራ ሰጧቸው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች የሚመጡት በክረምት ነበር። ሳምባቸውን ሊያሞቁ። በበጋ ፀሐይ ላይ መሰጣት በኋላ የመጣ ፋሽን ነው። ዩኔስኮ በ2021 ኒስን ሲመዘግብ «የክረምት መዝናኛ ከተማ» ብሎ ነው የመዘገበው።

ከዚያ የቤተ መንግሥት ኮረብታ። አሳንሰሩ ነጻ ነው። ቤተ መንግሥት አትፈልጊ፣ የለም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1706 አስፈርሶታል። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ትልቅ ፍንዳታ ትሰሙና ትደነግጣላችሁ። አትሩጡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ስኮትላንዳዊ ሚስቱ ወሬ ይዛ ምሳ እየረሳች ስላስቸገረችው መድፍ ያስተኩስ ነበር ይባላል። ከተማው ልማዱን ወዶት ቀጠለ። ባለቤትሽ ይህን ሲሰማ ሐሳብ እንዳይመጣለት።

አበባና አትክልት የሚሸጥበት ኩር ሳሌያ ገበያ ሰኞ ሰኞ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይሆናል። አበባ ከፈለግሽ ሌላ ቀን ሂጂ። ሥዕል ከወደዳችሁ ሲሚዬ ሰፈር የሠዓሊው የማርክ ሻጋል ሙዚየም አለ። ከኦሪት ዘፍጥረት፣ ከዘፀአትና ከመኃልየ መኃልይ የተሳሉ 17 ትልልቅ ሥዕሎች አሉት። የመኃልዩ ክፍል ሥዕሎች ቀይ በቀይ ናቸው። ለ10ኛ ዓመት የጋብቻ በዓል ከዚህ የተሻለ ክፍል አላውቅም። ደግሞ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሁድ የቅርስ ቀናት ናቸው፤ ብዙ ቦታ በነጻ ወይም በቅናሽ ይከፈታል። ቀንሽ ገጥሟል።

ቆጣቢው

ሞናኮን ለእኔ ተዉት። አገሪቱ በጠቅላላው 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። ግማሽ ቀን በቂ ነው። ሳንድዊች ከኒስ ይዛችሁ ሂዱ። ካዚኖውን ከነአደባባዩና ከነመኪናዎቹ ከውጭ ማየት ነጻ ነው። ባልሽ ገብቶ ልጫወት ካለ አንድ ነገር ንገሪው፦ የሞናኮ ዜጎች ራሳቸው እዚያ ቁማር መጫወት በሕግ የተከለከሉ ናቸው። ባለቤቶቹ የማይበሉትን ምግብ እሱ ለምን ይበላል?

ሞናኮ ስትገቡ ልብስም አስቡበት። ከባሕር ዳርቻው ውጪ ራቁት ደረትና ባዶ እግር ክልክል ነው።

ሳን ትሮፔ (ሌላዋ ዝነኛ የባሕር ዳር ከተማ) የሚል ሐሳብ ከመጣላችሁ፣ ባቡር ጣቢያ የላትም። ተዉት።

የካኗ_እትዬ

ልጄ፣ የካኗን ቀን እኔ ልስጥሽ። ጠዋት ፎርቪል ገበያ ገብታችሁ ዳቦ፣ ወይራ፣ ቲማቲም ግዙ። ከዚያ ከአሮጌው ወደብ ጀልባ ያዙ። ሁለት ደሴት አለ። ቅርቡ ሳንት ማርጌሪት ነው። ማንነቱ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው፣ የብረት ጭምብል ያጠለቀው የሚባለው እስረኛ ከ1687 ጀምሮ 11 ዓመት የታሰረበት ምሽግ እዚያ ነው፤ ክፍሉን ያሳያሉ።

እኔ ግን የምልክሽ ወደ ሁለተኛው ነው፣ ሳን ኦኖራ። የመነኮሳት ደሴት ናት። ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ገዳም የነበረባት፣ ዛሬም መነኮሳት አሉ። ወይን ይተክላሉ፣ ይጠምቃሉ። መኪና የለም። ጥድና ባሕር ብቻ። ዕረፍት በማገኝባት ቀን ሄጄ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እቀመጥ ነበር። ቋንቋው ባይገባኝም ዜማው ይገባኛል። ከዚያ ሆነሽ ስታዪ ያ ሁሉ ሆቴል የክብሪት ቀፎ ያክላል። ትከሻ የሚሸፍን ነገር ያዢ።

የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓት ጠይቂ። ካመለጣችሁ መመለሻ የለም።

ወረቀት_አዋቂ

ሆቴል ስትከፍሉ የከተማ ቀረጥ የሚባል በሰው በሌሊት ይጨመራል፤ ዋጋው ላይ ካልተጻፈ አትደንግጡ። ባቡር ላይ ደግሞ ስልክ የኋላ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም።

ባለሻንጣዋ

ተመለስን! ያየነውን ልንገራችሁ።

ቪዛው 38ኛው ቀን ላይ ወጣ። በዚያ መሐል ሦስት ኪሎ ቀነስኩ፤ ለባሕር ዳር ጥሩ ሆነ።

ሶካው እውነት ነው። ባለቤቴ ረቡዕ በላ፣ ዓርብ በላ፣ ቅዳሜም «ለጾም ነው» ብሎ በላ። ሞናኮ ሦስት ሰዓት ቆየን። ካዚኖው በር ላይ ቆሞ መኪና ፎቶ አነሣ፤ የዜጎቹን ነገር ስነግረው ቦርሳውን ወደ ኪሱ መለሰ። ሻጋል ጋ ቀዩ ክፍል ውስጥ ገብተን ሁለታችንም ዝም አልን። እሱ ዝም ሲል ብርቅ ነው። ያቺ የስድስት ሰዓት ፍንዳታ ግን ተነግሮኝም አስጮኸችኝ።

ያልወደድኩትም አለ። ክርዋዜት ላይ የሱቆቹ መስኮት ቶሎ ይሰለቻል። አንድ ካፌ ሁለት ሎሚ ውሃ ያስከፈለንን እዚህ አልጽፍም፣ እናቴ ታነበዋለች።

እትዬ፣ ሳን ኦኖራ ላይ ሆነን አሰብንዎት። ከጥድ ሥር ዳቦና ወይራችንን በላን። ባለቤቴ ቃሉን ጠብቆ ጀልባ መቁጠር ጀመረ። 41 ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ወሰደው። የመጨረሻዋ ጀልባ ልታመልጠን ደቂቃዎች ሲቀሩ ነው የቀሰቀስኩት፤ ወይኑ መሐል በሩጫ ወጣን። ከዚያ ማታ ሱኬ ላይ ቆመን ወደቡ ሲበራ አየን። ሠርጋችን ቀን ያደረግኩትን የጆሮ ጉትቻ አድርጌ ነበር። እሱ እስከ ማግስቱ አላየውም።

የካኗ_እትዬ

ወንድ ምን ያያል ልጄ። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ጠጠር_ላይ_የተኛ

የውሃ ጫማ ገዛሽ?

ባለሻንጣዋ

ገዝቼ አልጋ ሥር ረስቼው ሄድኩ። ሦስት እርምጃ በጠጠር ተራምጄ በአራት እግሬ ተመለስኩ።